ስክሪኑ የየራሳችን፣ ፋይሉ የጋራችን

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ይህችን ነገር አይስታትም። ክፍሏ የቱንም ያህል ብትጠብ፣ አከራይዋም የቱንም ያህል «ሚስማር እንዳትመቱ፣ ግድግዳ እንዳታቆሽሹ» ብለው ቢያስጠነቅቁ፣ ተከራይ በገባ በመጀመሪያው ምሽት አልጋውን ያዞራል። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ያስጠጋል፤ ምድጃውን በሩ አጠገብ ያደርጋል፤ የማይፈልገውን ዕቃ አልጋ ሥር ይከተዋል። መጥቶ «አልጋህን ለምን አዞርክ?» የሚለው የለም። ቤቱ የሰው ነው፣ አኗኗሩ ግን የራሱ ነዋ!

እኛ ግን ሌላም ቤት አለን። እኛ ስንል አርክቴክቶች፣ ድራፍተሮች፣ ሰርቬየሮች፣ የስትራክቸርና የሳኒተሪ ልጆች ማለታችን ነው። በቀን ስምንትና አሥር ሰዓት የምንኖርበት የዚህ ቤት ስም ኦቶካድ ይባላል። ብዙዎቻችን እዚህ ቤት ውስጥ ዓመታት ኖረንም ዕቃው ሁሉ ያለው ሻጩ ባስቀመጠበት ቦታ ነው። ዘንድሮም አምናም ያልነካናቸው ቁልፎች ዓይናችን ሥር ተደርድረዋል። በየደቂቃው የምንፈልገው ደግሞ ሁለት ሦስት ክሊክ ርቆ ተደብቋል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። «እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው» ይባላል፤ አበቃ።

ይህን ነገር ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሠራበትን መሣሪያ አቀማመጥ ማን ይወስን የሚለው ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ለእግሩ ካልተመቸው ቀኑን ሙሉ መሥራት አይችልም። የሚኒባስ ሾፌር ከጓደኛው መኪና ሲረከብ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ወንበሩን ያስተካክላል፣ መስታወቱን ያያል። ከኮምፒውተር በፊት የነበሩት ነባር ንድፍ ሠሪዎችም ቢሆኑ መብራቱን ከየት በኩል እንደሚያደርጉ፣ እስክሪብቶና ማስመሪያውን በየትኛው እጅ በኩል እንደሚያኖሩ ራሳቸው ነበር የሚያውቁት። እኛ ዘመናዊ ተብዬዎቹ ብቻ ነን በሰው ልክ በተሰፋ ሱሪ የምንሄደው።

የሱሪው ሰፊ ክፉ ሆኖ አይደለም። ኦቶካድን የሚሠራው ኩባንያ፣ ኦቶዴስክ፣ ያንን የመጀመሪያ ስክሪን ሲያዘጋጅ የማሽን ክፍል የሚነድፈውን፣ ካርታ የሚያነሳውን፣ ቤት የሚሠራውን፣ ትናንት የጀመረውንና ሃያ ዓመት የቆየውን ሁሉ በአንድ ላይ ማሰብ አለበት። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን ነገር ያቀርባል፤ ለሁሉም የሚሆን ነገር ደግሞ ለማንም በልኩ አይሆንም። ኩባንያው ራሱ ይህን ስለሚያውቅ ነው ማስተካከያውን አብሮ የሰጠን። እኛ ያልተጠቀምንበት ይህን ስጦታ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን ታሪኩን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ኦቶካድ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ እንደዛሬው በሥዕል ያሸበረቀ ቁልፍ አልነበረም። ሰው ትዕዛዙን በስሙ ይጠራዋል፣ ኮምፒውተሩም ይሠራል። ብዙም ሳይቆይ በ1986 ኦቶሊስፕ የሚባል ቋንቋ ገባበትና ተጠቃሚው የራሱን ትዕዛዝ ራሱ መጻፍ ቻለ። በ2006 እትሙ ደግሞ ወርክስፔስ የሚባለው ነገር መጣ። ሰው ስክሪኑን እንደሚፈልገው ካደራጀ በኋላ ስም ሰጥቶ የሚያስቀምጥበት፣ ሲፈልግ የሚጠራበት ዘዴ ነው። እንግዲህ «እንደ ልባችሁ አዙሩት» የሚለው ፈቃድ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ እጃችን ላይ ነበረ ማለት ነው።

ከዚያ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ዕቃውን አገላበጠው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የ2009 እትም ሪበን የሚባለውን ሰፊ የቁልፍ ሰሌዳ ከላይ ደረበበት። የድሮው መልክ «ክላሲክ» በሚል ስም ለተወሰኑ ዓመታት አብሮ ሲጓዝ ቆየና በ2014 በወጣው የ2015 እትም ተዘጋጅቶ መቅረቡ ቀረ። ያን ጊዜ ስንቱ ሰው ተደናገረ መሰላችሁ! «አዲሱ ኦቶካድ አይሠራም» ያለው፣ «የድሮውን መልሱልኝ» ያለው፣ እስከ ዛሬም የድሮውን እትም ሙጥኝ ብሎ የቀረው ብዙ ነው። የሚገርመው ግን አንዳንዱ ሰው ምንም አልሆነም። «ኤል» ብሎ ሲጽፍ መስመር ይመጣል፣ «ቲአር» ሲል ይቆርጣል፣ «ኦ» ሲል ኦፍሴት ያደርጋል። ሥዕሉን የሸመደደው ሲጠፋበት፣ ስሙን ያወቀው ቀጠለ። የድሮው ሜኑና ቱልባርም ቢሆን አልተቃጠለም። «ሜኑባር» የሚለውን ትዕዛዝ ጽፎ 1 ቁጥርን የሰጠ ሰው ሜኑውን ዛሬም ያገኘዋል፤ ቱልባሮቹንም አንድ በአንድ ጠርቶ ክላሲኩን ራሱ መልሶ መገንባት ይችላል።

ታዲያ ለምን አንነካውም? መልሱ ከሶፍትዌሩ ይልቅ ከአስተዳደጋችን ጋር የተያያዘ ይመስለናል። በብዙ ማሰልጠኛዎች ትምህርቱ «እዚህ ጋ ያለችውን ነገር ተጫናት፣ ከዚያ ያቺኛዋን» እየተባለ ነው የሚሰጠው። ተማሪው ሰርተፊኬቱን ይዞ ሲወጣ የያዘው የቁልፎችን አድራሻ ነው፤ ሰፈሩ ሲፈርስ አድራሻውም አብሮ ይፈርሳል። ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ትምህርት ይጠብቀዋል። ከመካከላችን አንዱ ተለማማጅ ሆኖ በገባበት ቢሮ የሆነውን እንንገራችሁ።

«ጋሼ፣ ይህቺን ቱልባር ወደ ግራ ባደርጋት ችግር አለው?»

«አንተ ልጅ፣ እጅህን ሰብስብ! የቢሮ ኮምፒውተር ነው፣ ታበላሸዋለህ።»

«ኧረ ትመለሳለች ጋሼ፣ ሁለት ክሊክ ናት…»

«እኛ ስንሠራበት የኖርንበት ነው። ሥራህን ሥራ።»

ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፤ ሥራቸውንም ጠንቅቀው ያውቃሉ። ግን ልብ በሉ፣ በዚያው ቢሮ አንድ ፕሮጀክት ላይ የሚሠሩ አራት ሰዎች የግድግዳን ሌየር በአራት ስም ነበር የሚጠሩት። አንዱ «ዎል» ይለዋል፣ ሌላው «ግድግዳ»፣ ሦስተኛው «ሌየር 1» ብሎ ትቶታል፣ አራተኛው ሁሉንም ነገር ዜሮ ሌየር ላይ ከምሮታል። ፕሎት ሲደረግ የአንዱ መስመር ወፍራም፣ የአንዱ ቀጭን ይወጣል። ለዚህ «እጅህን ሰብስብ» ያለ አልነበረም!

የዛሬው ነገራችን እዚህ ላይ ነው። ቢሮዎቻችን ጥብቁንና ልሉን አቀያይረው ይዘውታል። ፋይሉ ውስጥ ያለው ነገር፣ ማለትም የሌየር ስም፣ የመስመር ውፍረት፣ የጽሑፍና የልኬት ስታይል፣ የፕሎት ቅንብር የጋራ ነው፤ ከእኔ ወደ አንቺ፣ ከእናንተ ወደ ኮንትራክተሩ ይሄዳል። እዚያ ላይ ማንም እንደፈለገው መሆን የለበትም። ስክሪኑ ግን የትም አይሄድም። የእኔ ቱልባር በግራ መሆኑን ሳይት ላይ ብሎኬት የሚደረድረው ሰው አያየውም። ፋይል ተልኮ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የኔ የቁልፍ አደራደር አብሮ አይሄድም። ታዲያ የማንንም ጎን የማይነካው ተከልክሎ፣ የሁሉንም ሥራ የሚያበላሸው ልቅ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ሒሳብ ካልን አይቀር እስቲ አብረን እንገምት። ግምት ነው፣ ጥናት አይደለም። አንድ ድራፍተር በቀን 1,000 ጊዜ ትዕዛዝ ይጠራል እንበል። በተዘበራረቀ ስክሪን ምክንያት በእያንዳንዱ ላይ 2 ሰከንድ ቢያባክን በቀን 2,000 ሰከንድ፣ ማለትም 33 ደቂቃ ገደማ ነው። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 200 ደቂቃ፤ በ50 ሳምንት ከ166 ሰዓት ያልፋል። በስምንት ሰዓት ቀን ስናካፍለው ከ20 የሥራ ቀን በላይ ይሆናል። የዓመት ፈቃድ የሚያህል ጊዜ ቁልፍ ፍለጋ አለቀ ማለት ነው። ያንን ጊዜ የምናካክሰው ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጭ አምሽተን፣ የመጨረሻውን ታክሲ አምልጦን፣ ለራይድ ከኪሳችን ከፍለን ነው። የእጅ አንጓችንንና የአንገታችንን ነገር ሳንቆጥር!

እሺ፣ ከየት ይጀመራል? እኛ የምንለው ከፊደሎቹ ነው። ኦቶካድ አሕጽሮተ ትዕዛዞቹን የሚያስቀምጠው ፒጂፒ በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉ በኖትፓድ የሚነበብ ተራ ጽሑፍ ነው፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ሪበኑ ላይ «ማኔጅ» ከሚለው ታብ ሥር «ኤዲት አሊያስስ» ስትሉ ይከፈትላችኋል። ውስጡን ስታዩ «ሲ» ለክብ፣ «ሲኦ» ለኮፒ ተሰጥቶ ታገኛላችሁ። የመኖሪያ ቤት ፕላን የሚሠራ ሰው በቀን ስንት ክብ ይሥላል? ስንት ጊዜስ ኮፒ ያደርጋል? እንግዲያው አጭሯ ፊደል ለኮፒ ብትሆን ምን አለበት! ሌላም አለ። ቀኝ እጃችን ማውስ ላይ ሆኖ ሳለ «ኤል»፣ «ኦ»፣ «ኤም» የሚባሉት ፊደላት ኪቦርዱ ላይ የተቀመጡት በቀኝ በኩል ነው። ግራ እጃችን በየጊዜው ኪቦርዱን አቋርጦ ይሄዳል። አዘውትራችሁ የምትጠሩትን በግራ በኩል ላለ ፊደል ብትሰጡት እጃችሁ ቤቱ ይቀመጣል። ማውሱን በግራ የሚይዝ ደግሞ የተገላቢጦሹን ያድርግ።

የመጀመሪያውን ዝርዝር አትሰርዙ። የእናንተን ከፋይሉ መጨረሻ ላይ ለተጠቃሚ በተተወው ቦታ ጻፉ። አንድ ፊደል ሁለት ቦታ ቢገኝ የሚሠራው የእናንተው ነው፤ እትም ስትቀይሩም ከዚያ ቦታ አንስቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ይቀላል። ጽፋችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ በኋላ «ሪኢኒት» የሚለውን ትዕዛዝ ጥሩ፣ ወይም ኦቶካዱን ዘግታችሁ ክፈቱ።

ሁለተኛው ሥራ ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ነው። ላፕቶፖቻችን ሰፊና አጭር ስክሪን ነው ያላቸው፤ ሪበኑ ደግሞ የሚበላው ያችኑ ያጠረችውን ቁመት ነው። የማትጠቀሙበትን ፓነል በቀኝ ክሊክ አጥፉት፣ የቀረውን እጠፉት። ብዙ የምትፈልጓቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጠርዝ ውሰዱ። ከዚያ በስተቀኝ ታች ካለችው የጥርስ ምልክት ወርክስፔሱን በራሳችሁ ስም አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ ማንም መጥቶ ቢያዘበራርቀው እንኳ ስማችሁን መርጣችሁ መመለስ ነው።

ሦስተኛው መያዝ ነው። እኛ ሀገር ኮምፒውተር ትንሽ ሲያንቀራፍፍ ወዲያው «ፎርማት ይደረግ» ይባላል፤ ፎርማት ሲደረግ ደግሞ ያ ሁሉ ድካም አብሮ ይታጠባል። ስለዚህ የፒጂፒ ፋይላችሁንና ወርክስፔሳችሁ ያለበትን የሲዩአይ ፋይል በፍላሽ ገልብጡ። ፍላሽ ይጠፋል የምትሉ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ሥራ ስትቀይሩ ከዲፕሎማችሁ ጋር አብሮ የሚሄድ መሣሪያ ነው።

ይህን ስንል የሚነሱብን ተቃውሞዎች አሉ፤ ፍሬ ያላቸውም ናቸው። አንደኛው፣ «ኮምፒውተሩ አንድ፣ ሰዉ ሦስት ነው፤ ሁሉም ቢያዞረው በማን ይሠራል?» የሚለው ነው። ልክ ነው፣ ብዙ ቢሮ ኮምፒውተር በፈረቃ ነው። ግን ወርክስፔስ የተሠራው ለዚህም ጭምር ነው፤ ሦስት ሰው ሦስት ስም አስቀምጦ ሲገባ የራሱን ይመርጣል። ፊደሎቹም እንዳይጋጩ ከተፈለገ ዊንዶውሱ ላይ ለየሰዉ የተለያየ አካውንት መክፈት ነው። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ «በራሱ አደራደር የለመደ ሰው የሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ እጁ ይታሰራል» ይላሉ። እኛም ይህን እናከብራለን። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት የትዕዛዞቹን ሙሉ ስም እወቁ የምንለው። «ላይን» ብሎ በሙሉ ስሙ የሚጽፍ ሰው እንግሊዝኛ ኦቶካድ ባለበት ሁሉ መስመር ያገኛል። ከሀገር ወጥቶ ጀርመን ቢሮ ውስጥ የጀርመንኛው ኦቶካድ ቢገጥመው እንኳ ከእንግሊዝኛው ስም ፊት የታች ሰረዝ ጨምሮ ሲጽፍ ይሠራለታል። ስሙን ያወቀ ሰው ስክሪኑን ማዞሩ ፍጥነት ይጨምርለታል፤ ስሙን ያላወቀ ሰው ግን ምንም ባያዞርም ታሳሪ ነው። የመጀመሪያውን ስክሪን እንዳለ መተው ነፃነት የሚመስላቸው ካሉ የ2015ቱን እትም ያስታውሱ።

ሦስተኛው ወደ እኛው ወደ ወጣቶቹ የተወረወረ ነው። «ሥራ ትታችሁ ስክሪን ስታስውቡ ትውላላችሁ» ይሉናል። ሐሰት ነው ብለን አንምልም። የክሮስሄሩን ቀለም ሲቀያይር የሚውል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሊስፕ ሲያወርድ አድሮ ጠዋት ፕላኑን ያላደረሰ ወዳጅ ሁላችንም አለን። ስለዚህ አንድ ደንብ እናስቀምጥ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያደናቀፈህን ነገር ብቻ ቀይር። ርክክብ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ምንም አትንካ። በሳምንት ከሁለት ፊደል በላይ አትቀይር፤ እጅ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋልና።

አንድ የእኛው የራሳችን ጉዳይም አለ። ኦቶካድ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ፣ በጃፓንኛ፣ በኮሪያኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይቀርባል፤ በአማርኛ ግን የለም። የክፍሎቹን ስም በአማርኛ ለመጻፍ ኪቦርዱን ወደ ግዕዝ ቀይረን፣ መመለሱን ረስተን «ኤል» ስንመታ «ል» ይመጣል፤ ኦቶካዱም እንዲህ የሚባል ትዕዛዝ አላውቅም ይለናል። የጻፍነው አማርኛ ደግሞ ግዕዝ በሌለው ፊደል ከተከፈተ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ቁጭ ይላል። የመጀመሪያው ስክሪን ሲዘጋጅ እኛ አልታሰብንም። ካልታሰብን ደግሞ ለራሳችን ማሰብ ያለብን እኛው ነን። ቢሮው ግዕዝ ያለውን እንደ ኒያላ ያለ ፊደል የያዘ የጽሑፍ ስታይል ከሌየሮቹ ጋር አንድ ቴምፕሌት ውስጥ አስገብቶ ለሁሉም ይስጥ። ይህ የጋራው ድርሻ ነው። የቀረውን ለእጃችን ይተውልን።

ነገሩ የኦቶካድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አርኪካድ የሥራ አካባቢውን በፕሮፋይል ያስቀምጣል፣ ሬቪትም አቋራጭ ፊደሎቹን ወደ ፋይል አውጥቶ ለሌላ ኮምፒውተር ይሰጣል። ሶፍትዌሩ ቢለያይም ጥያቄው አንድ ነው፤ የጋራውን እንዴት እናጥብቅ፣ የግሉን እንዴት እንልቀቅ?

ስለዚህ ለቢሮ ኃላፊዎች የምንለው ይህ ነው። ጋሼዎች፣ እትዬዎች፣ የሌየሩን ሕግ አጥብቁልን፣ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉልን፣ የጣሰውንም ተቆጡ። ቱልባሩን ግን ተዉልን። ለአስተማሪዎችም፣ ተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት ሪበኑን ዘግቶ በስም ብቻ አንድ ክፍል እንዲሥል አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ቁልፍ የፈለገው ቦታ ያድርግ።

እኛ እኛም ደግሞ አንድ ነገር እንልመድ። አዲስ ልጅ ቢሮ ሲገባ የፒጂፒ ፋይላችንን እንስጠው፤ ስንሰጠውም «እንዲህ ነው የሚሠራው» ሳይሆን «እኔ እንዲህ ነው የምሠራበት፣ አንተ እንደሚመችህ አድርገው» እንበለው። የእናንተ «ሲ» ለምን እንደተሰጠች፣ ቱልባራችሁ በየት በኩል እንዳለች ጻፉልንና እንነጋገርበት።